የጊታር ኢፌክቶችና የሙዚቃ ዕቃዎች ስም እንዴት ይጠራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልምምድ ቤት ውስጥ ዘወትር የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

"ኢፌክት" ነው ወይስ "ኤፌክት"?

ኢፌክት። እንግሊዝኛው ወደ "ኢ" ያደላል፣ ጊታሪስቶቻችንም እንደዚያው ነው የሚሉት። "ኤፌክት" ያለ ሰውም ይገባናል፣ ማንም አይስቅበትም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር፦ "ፔዳል" በእግር የሚረገጠው ሳጥን ነው። "ኢፌክት" ደግሞ ድምፁ ላይ የሚመጣው ለውጥ። ወሬ ላይ ግን ሁለቱ ይቀላቀላሉ። "ኢፌክቴን ታክሲ ውስጥ ረሳሁት" ያለ ሰው የረሳው ሳጥኑን ነው። አጽናኑት።

"ቾረስ" ወይስ "ኮረስ"?

ኮረስ። "ኮርድ" ትላላችሁ እንጂ "ቾርድ" አትሉም አይደል? ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚጀምሩት በተመሳሳይ ሁለት ፊደላት ነው። ኮርድን በጆሯችን ነው የተማርነው፤ አንድ ሰው እየጠራልን ጣታችንን ክሩ ላይ አስቀመጥን። ኮረስን ግን ብዙዎቻችን ሳጥኑ ላይ አንብበን ነው ያወቅነው። ስለዚህ "ቾረስ" የሚል ጊታሪስት ካገኛችሁ፣ ብቻውን ታግሎ የተማረ ሰው ነው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ "ቾረስ" ስል ኖሬያለሁ።

ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። ፔዳሉ የጊታሩን ድምፅ ለሁለት ይከፍልና አንዱን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ቅኝቱንም በስሱ ያወዛውዘዋል። ሲደባለቁ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወት ይመስላል፤ ልክ እንደ መዘምራን። ፔዳል ሠሪው ቦስ በ1976 ያወጣው ሲኢ-1 የመጀመሪያው የኮረስ ፔዳል ነው።

ችግሩ አዝማቹንም "ኮረስ" ማለታችን ነው። ባንድ መሪያችን አንዴ "ኮረሱ ላይ ኮረሱን አብራው" አለኝ። የመጀመሪያው አዝማቹ ነው፣ ሁለተኛው ፔዳሉ። ገብቶኛል፤ አዲስ የመጣው ኪቦርዲስት ግን ግራ ገብቶት ነበር።

"ፍላንገር" ወይስ "ፍላንጀር"?

ፍላንጀር። ካላመናችሁ ቧንቧ ሠራተኛ ጠይቁ። ሁለት ቱቦ የሚያያይዘውን ሰፊ ጠርዝ "ፍላንጅ" ነው የሚለው እንጂ "ፍላንግ" አይልም። ቃሉ ያው ነው።

ጊታር ከቧንቧ ጋር ምን አገናኘው? ድሮ ስቱዲዮ ውስጥ አንድን ቅጂ በሁለት የቴፕ ማጫወቻ እኩል ያስነሱ ነበር። ከዚያ አንዱ ባለሙያ የቴፑ መጠቅለያ ጠርዝ ላይ ጣቱን ጫን ያደርጋል። ያ ማሽን ለቅጽበት ይዘገያል፣ ሁለቱ ድምፆች ይተላለፋሉ፣ አውሮፕላን ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት "ሹሹታ" ይመጣል። ያ ጠርዝ ነው ፍላንጅ። ፔዳሉ የዚያን ሰው ጣት ሥራ ነው የሚሠራው። ይህን ካወቅኩ በኋላ "ፍላንገር" ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ስሙ ታሪኩን ይዟላ።

"ፌዘር" የሚባለው ፌዝ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ግን ቀልዱ አይቀርም። በእንግሊዝኛ "ፌዝ" ማለት የሞገድ ምዕራፍ ማለት ነው፤ ሁለት ሞገዶች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ወይም ሲቃረኑ የሚገለጽበት። ፌዘር ይህንን እያዛባ ነው ድምፁን የሚያዞረው። በ1974 የወጣው የፔዳል ሠሪው የኤም ኤክስ አር ዝነኛ ብርቱካናማ ሳጥን "ፌዝ 90" ይባላል። አንድ መዘውር ብቻ ነው ያለው። ለአያቴ ስሙን ስነግራት "ዘጠና ጊዜ ያፌዛል?" አለችኝ።

"ፋዘር" ግን አትበሉ። እሱ በአራዳ ቋንቋ አባት ነው። "ፋዘሬን ሸጥኩት" የሚል ሰው ሰምቼ ደንግጬ አውቃለሁ።

"ፈዝ" ነው ወይስ "ፋዝ"?

ፈዝ ይቀርባል። እንግሊዝኛው ከሁለቱም ጋር ልክክ አይልም፣ ግን "ፈ" ይሻላል። ደግሞ ለኛ ሰው ለማስታወስ ይመቻል፦ ፈዝ ድምፁን ያፈዘዋል። ጥርት ያለው ክር ጭጋግ ይለብሳል።

አመጣጡም ከብልሽት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናሽቪል ውስጥ አንድ ቀረጻ ላይ የሚክሰሩ አንድ ቻናል ተበላሸና የቤዙ ድምፅ እንደ ንብ ይጮህ ጀመር። ሰዎቹ ድምፁን ወደዱት። በ1962 ያንን ብልሽት ሆን ብሎ የሚሠራ ማይስትሮ ኤፍዜድ-1 የሚባል ሳጥን ለገበያ ቀረበ። ዛሬ የተበላሸ ቻናል ስናገኝ ሳውንድማኑን እንሰድባለን።

ዋዋ ሁለቴ ነው የሚባለው ወይስ አንዴ?

ሁለቱም ትክክል ነው። "ዋ" ብቻ የሚሉ ብዙ ናቸው። ለአማርኛ ጆሮ ግን "ዋ!" ማስጠንቀቂያ ነው፣ ስለዚህ ዋዋ ይሻላል። ስሙ ከመለከት የመጣ ነው፤ ጥሩምባ ነፊዎች የመሣሪያቸውን አፍ በእጃቸው ወይም በማፈኛ እየከፈቱና እየዘጉ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ፔዳሉ ገበያ ላይ የወጣው በ1967 ነው። እግር ወደ ፊት "ዋ"፣ ወደ ኋላ "ው"።

"ቤዝ ጊታር" እያልን እየተሳሳትን ነው?

በእንግሊዝኛ ስታወሩ አዎ፣ በአማርኛ ስታወሩ አይደለም። እንግሊዝኛው በ"ስ" ነው የሚያልቀው፦ ቤስ። "ባስ" ካላችሁ ደግሞ ዓሣ ነው፤ በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ በአነጋገር ይለያያሉ። በአማርኛ ግን "ቤዝ" ከተተከለ ቆይቷል። መድረክ ላይ "ቤሱን ከፍ አድርገው" ብትሉ ሰው ዘወር ብሎ ያያችኋል።

የክር ውፍረት "ጋውጅ" ነው?

ጌጅ። እንደ "ጌጥ" ጀምሩት። ክር ስትገዙ "ናይን" ወይም "ቴን" የሚባለው የቀጭኗ ክር ውፍረት ነው፤ ናይን ማለት 0.009 ኢንች፣ ቴን ማለት 0.010 ኢንች፣ ማለትም ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ።

"ቦስ" እና "ቦዝ" አንድ ናቸው?

አይደሉም። ይሄ ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት ነው። "ቦስ" የጃፓኑ የፔዳል ሠሪ ነው፤ የሮላንድ ንዑስ ድርጅት። "ቦዝ" ደግሞ አማር ቦዝ የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በ1964 ያቋቋሙት የስፒከርና የጆሮ ማዳመጫ ድርጅት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በድርብ "ኤስ" ያልቃል፣ ሌላው በአንድ "ኤስ" እና በማይነበብ "ኢ"። በአማርኛ ብዙ ሰው ሁለቱንም "ቦስ" ነው የሚለው።

የአክስቴ ልጅ ዲሲ ነው የምትኖረው። አንድ ክረምት ስትመጣ "ቦስ ዲሌይ አምጪልኝ" አልኳት በስልክ፤ ድምፁን እያዘገየ የሚደግም ፔዳል ነው። ከሳምንት በኋላ ደወለች። "ወንድሜ፣ ዋጋውን ሰምቼ ደነገጥኩ። ደግሞ እሱ ጊታር ላይ አይገጠምም ብለውኛል" አለችኝ። ለካ የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥበት ጋ ቆማ "ቦዝ" ነው የጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዕቃ እንዲልክልኝ ስፈልግ ስሙን አልጠራም። በቴሌግራም ፎቶ እልካለሁ፣ ከሥሩም ቀለሙን እጽፋለሁ።

"ኤፒፎን" ከኤጲፋንያ ጋር ይገናኛል?

ይመስላል እንጂ ከጥምቀት ጋር ምንም የለውም። የጊታር ድርጅቱ ባለቤት የነበረው ግሪካዊ ቤተሰብ ስታቶፖሎ ይባላል። ልጁ ኤፓሚኖንዳስ ነበር ስሙ፤ ወዳጆቹ "ኤፒ" ይሉት ነበር። "ፎን" በግሪክ ድምፅ ነው። ሁለቱ ተጋጥመው በ1928 የድርጅቱ ስም ሆነ፤ የኤፒ ድምፅ ብንለው ያስኬዳል። ስለዚህ ኤ-ፒ-ፎን። "ኤፒፎኒ" ወይም "ኤፒፎኔ" አይደለም።

ጊብሰን፣ ስኳየር፣ ግሬች፣ ሼክተር፣ ሹር... እነዚህስ?

የጊታርና የማይክሮፎን ሠሪዎች ስሞች ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ጊብሰን በ"ጊ" እንጂ በ"ጂ" አይደለም። የጊብሰኑ ጊታር ሌስ ፖል "ለ ፖል" አይደለም፤ ፈረንሳይኛ የለበትም፣ "ሌስ" የሌስተር ቁልምጫ ነው። የጊታር ሠሪው የፌንደር ታናሽ ወንድም "ስኳየር" ነው፤ "ስኩየር" የሚሉት ሳጥኑ ላይ ካለው ፊደል የተነሳ ነው። ግሬች በ"ች" ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ፊደላት ሁሉ ለዚያች አንዲት ድምፅ ነው የተሰለፉት። ሼክተር በ"ሼ" ይጀምራል።

ማይክሮፎኑ "ሹር" ነው። "ሹሬ" የሚሉ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው "ኢ" ግን አትነበብም። በ1925 ቺካጎ ውስጥ ያቋቋሙት ሰው የአባታቸው ስም ነው።

"ሙግ" ነው ወይስ "ሞግ"?

ሞግ። ለመሟገት አይመችም፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ራሳቸው ተናግረዋል። ሮበርት ሞግ፣ ሲንተሳይዘሩን (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረውን መሣሪያ) የሠሩት አሜሪካዊ፣ የቤተሰቤ ስም ከ"ቮግ" ጋር ይገጥማል ይሉ ነበር። በ2005 እስኪያርፉ ድረስ ግን ዓለም "ሙግ" እያለ ሲጠራቸው ኖረ። እንግሊዝኛ ሁለት "ኦ" ሲያይ "ኡ" ማለት ስለሚቀናው ነው።

እኔ እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። የሰው ስም የሰው ነው። "ኃይሌ"ን "ሄይል" ሲሉብን እንናደድ የለ? እንግዲያው ሞግ እንበላቸው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ "ሞ" የሚል የራሱ ሆሄ አለው፤ ሰበብ የለንም።

"ኢባኔዝ" ወይስ "አይባኔዝ"?

እዚህ ላይ ደግሞ አቋሜ ይላላል። ስሙ የስፔናዊ ነው፦ ሳልቫዶር የተባሉ የቫሌንሲያ ጊታር ሠሪ። በስፔንኛ መሀሉ ላይ ያለው ድምፅ የኛ "ኘ" ነው። ኢባኜዝ! እንግሊዝኛ ይህን ለመጻፍ ፊደል የለውም፣ እኛ አለን። ግን ጊታሩን የሚሠራው ናጎያ ያለው ሆሺኖ የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው። መጀመሪያ የስፔኑን ጊታር ያስመጣ ነበር፣ በኋላ ስሙን ወስዶ የራሱን ሠራ። ጃፓኖች ራሳቸው "አይባኒዝ" ብለው ነው የሚጽፉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ "አይባኔዝ"ም "ኢባኔዝ"ም ይላሉ።

ከሞግ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ሞግ የራሳቸውን ስም ነው መሣሪያው ላይ የለጠፉት። ይኸኛውን ግን ድርጅቱ ራሱ ከቦታው አንስቶ ወስዶ ለውጦታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ "ኢባኔዝ" በሉ፣ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ "አይባኔዝ" በሉ፤ ሁለቱም ቦታ ጊታሩ ይወጣላችኋል። ለማሳመር የፈለገ ኢባኜዝ ይበል። እኔ ሞክሬው ነበር፣ ጓደኞቼ ሳምንት ሙሉ ቀለዱብኝ።

የጃፓን ስሞች ለምን ይቀሉናል?

ፊደላችን ስለሚመቻቸው ነው። ጃፓኖችም አንድ ተነባቢ ከአንድ አናባቢ ጋር አጣምረው ነው የሚጽፉት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ምልክት፤ ሆሄያችንም እንደዚያው ነው። ያ-ማ-ሃ። ሮ-ላ-ንድ እንኳ ብዙ አይርቅም። ታካሚኔ የሚባለውን ጊታር ውሰዱ፦ በጃፓን የአንድ ተራራ ስም ነው። አሜሪካኖች "ታካሚን" ወይም "ታካሚኒ" ይሉታል። እኛ ሳጥኑ ላይ ያለውን እንዳለ አንብበን "ታካሚኔ" እንላለን፣ ባለቤቶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ባለማወቅ ትክክል መሆን ይሉታል ይሄ ነው።

የጀርመኖቹስ?

ሦስቱን የድምፅ ዕቃ ሠሪዎች ብቻ ያዙ። በርሊን ውስጥ በ1928 የተቋቋመው የማይክሮፎን ድርጅት "ኖይማን" ነው፤ "ኒውማን" አይደለም። "ሰንሃይዘር" የምንለውን ጀርመኖች "ዘንሃይዘር" ይሉታል፤ እኛም ሆንን እንግሊዞች ግን "ሰ" ስላልን የተጎዳ ሰው የለም። "ቤሪንገር" በ"ገ" ነው፣ "ቤሪንጀር" አትበሉ። አዎ፣ ፍላንጀር ላይ ከነገርኳችሁ ጋር ይጋጫል። አንዱ እንግሊዝኛ ነው፣ ሌላው የጀርመን ሰው ስም።

"ኬፖ" ነው የሚባለው ወይስ "ካፖ"?

ካፖ፤ ቅኝቱን ከፍ ለማድረግ የጊታሩ አንገት ላይ የሚታሰረው መቆንጠጫ። አሜሪካኖች "ኬፖ" ይላሉ፣ ቃሉ ግን ጣልያንኛ ነው፦ ካፖታስቶ፣ የጊታር አንገት ላይ ያለው መከፋፈያ ራስ እንደማለት። ለጣልያንኛ ደግሞ እኛ እንግዳ አይደለንም። ካቻቪቴ፣ ጎማ፣ ቺንጋ ስንል የኖርን ሰዎች ካፖን ለማለት አሜሪካ ድረስ መሄድ የለብንም። ካፖርት ግን ሌላ ነው፣ እሱን ልበሱት።

ድራመራችን ሲምባል ላይ ያለው ስም እንዴት ይነበባል?

ጊታር ባይሆንም ሁሌ ስለምጠየቅ ልመልስ። ዚልጂያን ነው፤ መካከሉ ላይ ያለችው "ዲ" ለብቻዋ አትሰማም። "ዚል" በቱርክኛ ሲምባል ነው፣ "ጂ" ሠሪ፣ "ያን" ደግሞ የአርመን የቤተሰብ ስም መጨረሻ። የሲምባል ሠሪ ልጅ ማለት ነው። ድርጅቱ ዘመኑን ከ1623 ጀምሮ ይቆጥራል፣ ከኢስታንቡል፤ ዛሬ ማሳቹሴትስ ነው ያለው።

"ያን"ን ለኛ ማን ያስተዋውቀናል? ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች አርመኖች ነበሩ፣ አስተማሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን። ናልባንዲያንን ካወቅን ዚልጂያን ሊከብደን አይገባም።

ቁጥሮቹ በአማርኛ ይነበባሉ ወይስ በእንግሊዝኛ?

በእንግሊዝኛ። ድምፁን የሚያሻክረው የኦቨርድራይቭ ፔዳል ቲኤስ 808 "ቲ ኤስ ኤይት ኦ ኤይት" ነው፤ "ስምንት መቶ ስምንት" ብላችሁ ብትጠይቁ ሻጩ ዋጋ የነገራችሁት ይመስለዋል። አምፕሊፋየሩ ጄሲ 120 "ጄሲ ዋን ትዌንቲ"፣ ማይክሮፎኑ ኤስ ኤም 58 "ፊፍቲ ኤይት" ብቻ። ኤም ኤክስ አር ሦስቱም ፊደላት ለየብቻ ይጠራሉ፤ "ሚክሰር" ከሚለው ቃል የተቆነጠረ ነው።

"ትሬሞሎ" እና "ቪብራቶ" የሚቀያየሩት አጠራር ስላልገባን ነው?

አይደለም፣ ስህተቱ ከኛ አልጀመረም። ቪብራቶ የድምፁ ከፍታ ሲወዛወዝ ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋች ክሩ ላይ ጣቱን ሲያርገበግብ እንደምንሰማው። ትሬሞሎ ደግሞ ቅኝቱ ሳይነካ ጉልበቱ ብቻ ሲጨምርና ሲቀንስ ነው፤ የራዲዮ ድምፅ ማስተካከያውን ቶሎ ቶሎ እንደማዞር።

ፌንደር ግን ሁለቱን አገላብጦ ሰየማቸው። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ጊታሩ ላይ ያለችውን ዘንግ "ትሬሞሎ" አላት፤ የምትሠራው ቪብራቶ ነው። አምፕሊፋየሮቹ ላይ ደግሞ "ቪብራቶ" ብሎ የጻፈው ትሬሞሎ ሆነ። ይኸው ሰባ ዓመት አለፈ፣ ዓለም ሁሉ ዘንጓን ትሬሞሎ ይላታል። እኔም እላታለሁ። ፔዳል ስትገዙ ግን ስሙን አትመኑ፣ ሰክታችሁ ስሙት።

ሰው ተሳስቶ ሲጠራ ማረም አለብኝ?

መድረክ ላይ በፍጹም። ሳውንድ ቼክ ላይም አይ። ዕቃ ሊያስልክ ከሆነ ግን አዎ፣ የኔን የቦስ ታሪክ ንገሩት። የሰው ስም ከሆነ ለብቻው አድርጋችሁ በጨዋታ መሀል ጣል አድርጉለት።

ስሞቹን በአማርኛ ስጽፍስ?

እውነተኛው ጣጣ እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ የሞግን ስም ጽፎ እንዴት እንደሚነበብ ሳይወስን ማለፍ ይችላል። እኛ አንችልም። ሆሄው አናባቢውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ወይ "ሞ" ነው ወይ "ሙ"፣ መካከል የለም። ስለዚህ ለሽያጭ የምታወጡት ማስታወቂያ ከሆነ ብዙ ሰው የሚፈልገውን አጻጻፍ አስቀድሙ፣ ሌላውን ከጎኑ ጨምሩ፦ "ፍላንጀር (ፍላንገር)"። ቭ የምትከብደው ሰው ኦቨርድራይቭን "ኦበርድራይብ" ብሎ ነው የሚፈልገው፣ እሱንም ጨምሩለት። ማጥበቅና ማላላት ፊደላችን ላይ ስለማይታይ ግን ማንበቢያው ላይ መጨቃጨቃችን አይቀርም።

የራሴ ፔዳል ቦርድ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፣ በእስክሪብቶ "ቾረስ" ይላል። የድሮ ድራመራችን ነው የጻፈው። አልነቀልኩትም።